የአይዞን ጥርስ

ሰው አባቱን ለማወቅ ስንት እንደሚደክም እንደኔ በቅርብ ያየ ብዙ አይገኝም። ሠላሳ ምናምን ዓመት ደሴ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ዣንጥላዬን ተክዬ፣ የሰውን ብሶት ወረቀት ላይ ሳሰፍር የኖርኩ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ድሮ የአባትነት ክስ ሲመጣ ነገሩ ቀላል ነበር። እናቲቱ ሦስት ምስክር ታቆማለች። አንደኛው "ጆሮውን እዩት" ይላል፤ ሁለተኛው "ሲስቅ አይታችሁታል?" ይላል፤ ሦስተኛው ምንም አላየም፣ ግን የእናቲቱ አጎት ስለሆነ ይምላል። አንድ ዳኛ ትዝ ይሉኛል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ልጁን ከበሩ እስከ ወንበራቸው ያስኬዱታል፤ ከዚያ አባት ተብዬውን ከወንበራቸው እስከ በሩ ይመልሱታል። ሁለቱም ግራ እግራቸውን ጎተት ካደረጉ በቃ፣ ፋይሉ ተዘጋ። ልጁ ጫማው ጠቦት ይሁን ጠጠር ገብቶበት ማን ይጠይቃል?

እኛ ወሎዬዎች ደግሞ ዘር ስንቆጥር ጠንቀቅ ብለን ነው። ለጋብቻ ብላችሁ ሰባት ቤት ወደ ላይ ስትወጡ ሦስተኛው ላይ ገብረ ሥላሴን ታገኛላችሁ፤ አራተኛው ላይ ሙሐመድ ቁጭ ብሏል፤ አምስተኛው ላይ ወልደ ማርያም ተመልሶ ይመጣል። አባቴ የኔን ቆጥሮልኝ ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ጋቢውን አስተካክሎ ዝም አለ። "ሰባተኛውስ?" ብለው "ይበቃሃል" አለኝ። ለካ ሰባተኛው ላይ ያሉት ሰው የአንድ ሼህ ወንድም ኖረዋል። እኛ አገር ሰው ዘሩን የሚቆጥረው እስከሚበቃው ድረስ ነው። ይህን አባባል ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ሰሞኑን ደግሞ የውሻ አባት በላቦራቶሪ ይታወቃል አሉ። የውሻ! ልብ አድርጉ፣ ከጥንት ጀምሮ አባቱን ጠይቆ የማያውቅ፣ ቀለብ ቁረጡልኝ ብሎ የማይከስ ፍጡር ነው። አትሳቁ። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ። ከዚያ ነገሩ ቤቴ ድረስ መጣና ሳቄ በየት በኩል እንደወጣ እንጃ።

ውሻችን አይዞን ይባል ነበር። ቡላ፣ የጭራው ጫፍ ነጭ፣ ቀኝ ጆሮው ሁልጊዜ የወደቀ። ስሙን ያወጣችለት ባለቤቴ የሺ ናት። ለዛሬ ልጆች ልንገራችሁና፣ ድሮ ለውሻ ስም ሲወጣ ለውሻው ተብሎ አልነበረም፤ ለጎረቤት ነበር። በድንበር የተጣላ ሰው ውሻውን "የት ይደርሳል" ይለዋል። ከዚያ ማታ ማታ አጥሩ ሥር ቆሞ "የት ይደርሳል! ና! የት ይደርሳል!" ሲል ያመሻል። ውሻው የሚሰማው እራት ነው፤ ጎረቤት የሚሰማው ስድብ ነው። በዚህ የተነሳ የመጣ የስም ማጥፋት ክስ እኔው ራሴ ጽፌ አውቃለሁ። የሺ ግን ከማንም አልተጣላችም። ያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ የቸገረው፣ የታመመበት፣ ልጁ የራቀበት ነበርና "አይዞን" አለችው።

ይኸው በቃ፣ አመሻሹ ላይ የደሴ ጭጋግ ከጦሳ ተራራ እየተንከባለለ ሲወርድ፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ሲገባ፣ የሺ በሩ ላይ ቆማ "አይዞን! አይዞን!" ትላለች። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን እማማ ተዋበች ምን እየሠሩ ቢሆኑ አያልፏትም፤ "አሜን ልጄ!" ይላሉ። አንዳንዴ ከመንገድ የሚያልፍ ሰውም "አሜን" ብሎ ያልፋል። እንዲህ ነበርን። ማን የማንን ውሻ በድምፁ የማያውቅ ነበር? አሁን ሰዉ የጎረቤቱን ስም ለማወቅ ስልክ ይከፍታል።

ይህ ውሻ አንድ ጊዜ ከጅብ ጋር ተናክሶ አንድ የፊት ክራንቻውን አጣ። ጠዋት የሺ ከበሩ ሥር ለቅማ አመጣችው። "ጣይው እንጂ" ብላት "ለኛ ሲል ያጣውን?" አለችና በጥጥ ጠቅልላ ቆርቆሮዋ ውስጥ ከተተችው። ቆርቆሮዋ የቤታችን ባንክ ማለት ናት፤ የቤቱ ካርታ፣ የጋብቻ ወረቀታችን፣ ቁልፍ፣ መርፌ፣ ክር፣ አሁን ደግሞ የውሻ ጥርስ።

ከዚያ ያ ጊዜ መጣ። ስሙን አልጠራውም፤ የደሴ ሰው ያውቀዋል፣ ሌላውም ሰምቷል። ከተማው በአንድ ጧት ተነቅሎ ወጣ። ሰው ፍራሽ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ በጋሪ፣ ቁልቁለቱን ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወዲያ ማዶ። እኛም ወጣን። የሺ በእጇ ያንጠለጠለችው ያችን ቆርቆሮ ብቻ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ አረፍ ብላ መታወቂያዋን ልትፈልግ ስትከፍታት ጥርሱ በጥጡ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ውሻውን ትተን ጥርሱን ይዘን ነው የሸሸነው።

ፊቷ አመድ መሰለ። "አንተ ሰው፣ ሰንሰለቱን ፈትቼዋለሁ?" አለችኝ።

"ፈትተሽዋል" አልኩ።

"አየኸኝ?"

ዝም አልኩ። በሩን የቆለፍኩት እኔ ነኝ፤ ዞር ብዬ ብመለከት ኖሮ አየው ነበር። ዞር አላልኩም። ለምን አላልክም ብትሉኝ፣ የዚያን ቀን ከደሴ ሰው ዞር ያለ አልነበረም።

ስንመለስ ቤታችን ባዶውን ጠበቀን። ፍራሹ የለም፣ ድስቱ የለም፣ የመስኮቱ መጋረጃ ሳይቀር የለም። ውሻውም የለም። ሰንሰለቱ ተፈትቶ መሬት ላይ ቢገኝ እንዴት ባረፍን ነበር፤ ሰንሰለቱንም ወስደውታል። እማማ ተዋበችም ከኛው ጋር የሸሹ ስለሆኑ አየሁ የሚል አንድ ምስክር ጠፋ። እንዲህ ሆኖ ጉዳዩ ያለ ማስረጃ ቀረ።

የሺ ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ በሩ ላይ መቆሙን ተወችው። እቃ እያጠበች እጇን ታቆምና "እንዲያው ፈትቼዋለሁ ይሆን?" ትላለች። ለነፍስ አባቷ ሳይቀር ነግራቸዋለች። እሳቸውም ደግ ሰው ናቸው፣ "ልጄ፣ በዚያን ቀን ሰው ሰውን ረስቶ ነው የወጣው" አሏት። "ሰውማ አልታሰረም፣ አባ" አለቻቸው።

አሁን ሰይድን ላስተዋውቃችሁ። ሰይድ ኮምቦልቻ ከቦርከና ወንዝ ዳር ብርቱካን ያለው ወዳጄ ነው። በደጉ ዘመን የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር። መንጃ ፈቃዱን ነጥቀውት ማመልከቻ የጻፍኩለት ዕለት ተዋወቅን፤ መንጃ ፈቃዱ ሲመለስለት ከአሰብ ዓሣ በጨው አሽቶ አመጣልኝ፤ ዓሣው እኔ ጋ ሲደርስ ሽታው ፒያሳን አልፎ ሰኞ ገበያ ደርሶ ነበር። እንዲህ ሆነን አረጀን። የሱ በዓል ሲሆን እኔ ዘንድ ይላካል፣ የኔ ሲሆን እሱ ዘንድ ይላካል፤ ሥጋው ነው የማይገናኘው፣ ሌላው ሁሉ ይገናኛል። ሰይድ ላይ አንድ ነገር ብቻ አለ። መሐላ ከአፉ አይጠፋም። "ወላሂ ይሄ ብርቱካን ማር ነው።" "ወላሂ ዛሬ ሞቋል።" "ወላሂ ወላሂ ሻይህ ቀዝቅዟል።" እንዲህ ያለ ሰው ነው።

በዚያ ክፉ ሰሞን ሰይድ ከኮምቦልቻ አልወጣም። እናቱ አልጋ ላይ ነበሩ፤ "እሳቸውን የት ጥዬ?" ብሎ ቀረ። በኋላ መንገዱ ሰላም ሲሆን ልንጠይቀው ወረድን። ግቢው ውስጥ ብርቱካኑን የምትጠብቅ ጥቁር ሴት ውሻ አለችው። ሥሯ ቡችሎች ይርመሰመሳሉ። አንደኛው ቡላ ነው። የጭራው ጫፍ ነጭ ነው። ቀኝ ጆሮው ወድቋል።

የሺ የያዘችውን ዘንቢል ለቀቀችው።

"ሰይዴ፣ ያባቱ ነገር?" አለችው።

ሰይድ ነገራት። በዚያን ሰሞን አንድ ቡላ ውሻ በደሴ መንገድ ወርዶ በሩ ላይ ተኛ። አጥንቱ ይቆጠራል። ሰይድ "አብሽር" አለው። እኛ አይዞህ የምንለውን እነሱ አብሽር ይላሉ፤ ወሎ ውስጥ ሁለቱም አንድ ቤት ያድራሉ። ውሻው ገብቶ ሁለት ወር ያህል ሰነበተ፣ ከጥቁሯ ጋር ተላመደ፣ ከዚያ ታሞ ሞተ። ወንዝ ዳር አወጡት፤ ጅብ ወሰደው። ቡችላውንም በአባቱ "አብሽር" ብለውታል።

"አይዞን ነበር?" አለች የሺ።

"ይመስለኛል፣ እታለም።"

"ወላሂ በለኝ።"

ሰይድ ወደ ወንዙ ዞረ። ስለ ሻይ መቀዝቀዝ ሁለት ጊዜ የሚምለው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠራረገና "ብርቱካን ላምጣላችሁ" ብሎ ተነሳ።

በቃ። የሺ እዚያው ላይ ፈረደች። "ልጁ ከሆነ ቤቴ ይገባል። ልጁ ከሆነ፣ አባቱ ከግቢዬ በእግሩ ወጥቷል ማለት ነው፤ ፈትቼዋለሁ ማለት ነው። ካልሆነ ግን በአይዞን ቦታ ሌላ ውሻ አላኖርም። ሰይድ ለኔ ብሎ የማይለው ነገር የለም" አለች። ዘንቢሏን አንስታ ወደ ሚኒባሱ ሄደች። ቡችላው እስከ በሩ ሸኛት።

ከዚያ ወዲህ ቡችላው ኮምቦልቻ አደገ። ቡችላ ስላችሁ ቡችላ እንዳይመስላችሁ፣ ዛሬ ጥጃ አክሏል። እኛ ስንወርድ ገና ከመንገድ ሲያያት ለየሺ ብቻ ነው ጭራውን የሚቆላ። እሷ ደግሞ ፊቷን ታዞራለች። ስትመለስ ግን መንገዱን ሙሉ አትናገርም። ውሻን ያህል ነገር እንዴት እንዲህ ያደርጋል የምትሉ ካላችሁ፣ እናንተ ሸሽታችሁ አታውቁም።

ነገሩ በዚሁ ሆድ ይፍጀው ተብሎ ሊቀር ነበር፤ የወንድሜ ልጅ ረድኤት ባትመጣ። ረድኤት የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ኮምቦልቻ ዙሪያ ያለ በሬ ሁሉ ያውቃታል፣ ያውቃትና ይሸሻታል። አንድ እሁድ ምሳ ላይ የውሻ አባትና ልጅ በላቦራቶሪ እንደሚለይ፣ ከምራቅም ከጥርስም እንደሚሠራ፣ ውጭ አገር የምትሄድ ጓደኛ እንዳለቻት አወራችልን። "ከጥርስም" ስትል የሺ ጉርሻዋን መለሰችው። ተነሳች፣ ቆርቆሮዋን አመጣች፣ ጥጡን ፈታች። ለኔ እንኳ አስነክታኝ የማታውቀውን ጥርስ ረድኤት መዳፍ ላይ አኖረችው። "ብቻ እንዳይጠፋ" አለች።

የጥርሱ በዚህ አለቀ፤ የቀረው የቡችላው ምራቅ ነው። እኔና ረድኤት ኮምቦልቻ ወረድን። የሺ አልመጣችም፤ ሆዴ አይችልም አለች። ረድኤት ጫፉ ላይ ጥጥ ያለው ቀጭን እንጨት ከነፖስታው ይዛለች፤ ምናልባት ቢበላሽ ብላ መለዋወጫም አላት። ውሻው ግን ባለፈው የከተበችውን አልረሳም፤ ገና ስትጠጋው አፉን ገጠመ። አፉን የሚከፍተው ለሰይድ ብቻ ነው። እሷም በራሷ ጉንጭ ላይ አሳየችው። "እንዲህ ውስጡን ታሸዋለህ ጋሽ ሰይድ፣ ትንሽ ነፋስ ታስመታዋለህ፣ ፖስታው ውስጥ ትከተዋለህ። በቃ።" ሰይድ እንደ ተማሪ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ወዲያው ጎረቤት "ላሜ አልወልድ አለች" ብሎ መጣና ረድኤትን ወሰዳት።

እኔ የት ነበርክ ብትሉ፣ በረንዳ ላይ ፎርም እየሞላሁ ነበር። ፎርም ሲሰጡኝ ዓለምን እረሳለሁ። "ዝርያ" ይላል፤ "የደሴ" አልኩ። "የምርመራው ምክንያት" ይላል፤ የሰጡኝ ቦታ ስለጠበበኝ ከጀርባው ገልብጬ "ለክቡር ላቦራቶሪ፤ አመልካች ከዚህ በታች የተመለከተውን አቤቱታ በትሕትና ሳቀርብ…" ብዬ ጀመርኩ። ቀና ስል ሰይድ ከቧንቧው በኩል መጣ፣ ፖስታውን አሽጎታል፣ እጁ እስከ ክንዱ እርጥብ ነው። "ቢስሚላህ ብዬ ጨርሻለሁ" አለና ሰጠኝ። ምን አጠራጥሮኝ?

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። መጠበቅ ድሮ ቀረ ስል ነበር። ድሮ የደብዳቤ መልስ ስንጠብቅ ፖስታ ቤት ደጃፍ ላይ ሰው ከሰው ይተዋወቅ፣ ይጋባም ነበር። አሁን ሁሉ ነገር ወዲያው ነው ብዬ ሳበቃ ይኸው ሳምንት፣ ወር፣ ሌላ ወር። የሺ "ምን አሉ?" አትልም። ግን አንድ ቀን ከፍርድ ቤት ስመለስ የውሻውን ማደሪያ ጠርጋ፣ አዲስ ማዳበሪያ ጆንያ አንጥፋበት አገኘኋት። አይታኝ "አይጥ እንዳይገባበት ብዬ ነው" አለች።

ውጤቱ የመጣ ዕለት ረድኤት ፒያሳ ካፌ ጠራችኝ። ወረቀቱን አትማ ይዛዋለች፣ ሁለት ገጽ እንግሊዝኛ። ጥርሱንም ከኋላው ቦርቡረው መልሰውታል። ፊቷ ግን የውጤት ፊት አይደለም።

"ጋሼ፣ ጥርሱ በደንብ ተነቧል። ከሁለተኛው ናሙና ላይ ግን የውሻ ዘረ መል አልተገኘም ነው የሚሉት።"

"የአይዞን አይደለም ማለት ነው?"

"የማንም አይደለም። ውሻ የለበትም። አፈር ነው ያገኙበት።"

እዚያው ሆኜ ሰይድ ጋ ደወልኩ። "ሰይድ፣ ያን እንጨት ምን አድርገህ ነው የሰጠኸኝ?" አልኩት።

"እንዳሳየችኝ ነዋ። አፉ ውስጥ አሸሁት። ከዚያ አጠብኩት።"

"ምኑን?"

"እንጨቱን! የውሻ ምራቅ የነካውን ዕቃ እንዴት ላድርገው ኖሯል? ሰባት ጊዜ አጠብኩት፣ አንዱን በአፈር፣ እንደ ዲናችን ደንብ። አማና ብላችሁ የሰጣችሁኝን ነጃሳ አድርጌ ለሰው ላስረክብ? ወላሂ እንደዚያ የጠራ ዕቃ ላቦራቶሪውም አይቶ አያውቅ!"

ድምፁ ለረድኤትም ይሰማ ነበር። ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እኔም ሳቅሁ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ፤ አስተናጋጁ ውኃ አመጣልኝ። ከዚያ የሺ ቤት ቁጭ ብላ እንደምትጠብቅ ትዝ አለኝና ሳቄ ቆመ።

"ሰይድ" አልኩት፣ "ሳቁን ተወውና አሁን ለኔ ብቻ ንገረኝ። አይዞን ነበር? ወላሂ በል።"

የወንዙ ድምፅ በስልኩ ይሰማኛል።

"ያን ሰሞን በደሴ መንገድ የወረደ ውሻ አንድ ብቻ እንዳይመስልህ" አለኝ። "ሁሉም ቡላ ነው፣ ሁሉም ጭቃ ነው፣ ሁሉም ርቦታል። አፉን ከፍቼ ጥርሱን አልቆጠርኩም። ወላሂ ርቦት ነበር። ወላሂ አብልቼዋለሁ። ከዚያ በላይ አታስምለኝ፣ ጸሐፊው።"

ስልኩን ዘጋሁ። ሰይድ ዲኑን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው። የሚታጠበው የሚበላበትና የሚጠጣበት ዕቃ እንጂ ሊመረመር የሚሄድ እንጨት እንዳልሆነ አጥቶት ነው ወይስ ውጤቱን ፈርቶ? እኔ ስንት ቃል ተቀብዬ የጻፍኩ ሰው ይህን መለየት አያቅተኝም ነበር። ግን አልጠየቅሁትም።

ረድኤት መለዋወጫውን እንጨት ከቦርሳዋ አወጣች። "ምንም አይደል፣ ዳግም እንልካለን። አሁን እኔው ራሴ አሸዋለሁ፣ ቢነክሰኝም ይንከሰኝ" አለች። ተቀብያት ኮቴ ኪስ ከተትኩት።

በሰኞ ገበያ በኩል በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ። ባጃጅ ሁሉ "ልውሰድዎ" ይለኛል፤ እኔ መድረስ አልፈለግሁም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይጠራል፤ ከጠራ በኋላስ? ሁለተኛው እንጨት ሄዶ "ልጁ አይደለም" ብሎ ቢመጣ፣ የሺ ቀሪ ዘመኗን ያንን ሰንሰለት ይዛ ልትኖር ነው። ሌላውን ልተወውና፣ እኔስ? ዞር ብዬ ያላየሁት እኔ ነኝ እኮ!

የሺ ፊቴን አይታ ወንበር አመጣች። መነጽሬን አጠለቅሁ። ያንን ሁለት ገጽ እንግሊዝኛ ዘርግቼ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በፍርድ ቤት አማርኛ አነበብኩት። "አመልካች ባቀረቡት አቤቱታ መሠረት በተደረገው ምርመራ፣ ኮምቦልቻ የሚገኘው ቡችላ አባት የጥርሱ ባለቤት አይዞን መሆኑ ያለ ጥርጥር ተረጋግጧል። ስለሆነም አይዞን በተጠቀሰው ቀን በወይዘሮ የሺ እጅ ከሰንሰለቱ ተፈትቶ በሰላም ከግቢ የወጣ መሆኑን እናስታውቃለን።" ላቦራቶሪ ሰንሰለቱን ከየት አወቀ ብትሉኝ ይግባኝ በሉ። ሠላሳ ዓመት የሌላውን ሰው ውሸት በሥርዓት ስጽፍ ኖሬ፣ የራሴን ያነበብኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ድገምልኝ" አለች።

ደገምኩላት። እርግጥ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ትንሽ ይለያል፤ የሌለ ነገር ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ማንበብ ከባድ ነው።

ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች። "ፈትቼዋለሁ ማለት ነው" አለች።

"ፈትተሽዋል። አይቼሻለሁ" አልኩ። ይህኛው ወረቀቱ ላይ እንኳ አልነበረም።

በማግስቱ ሰይድ ተደውሎለት ውሻውን ከነብርቱካኑ ይዞ ሽቅብ መጣ። ዓይኔን አያይም፤ እኔም የሱን አላየሁም። ውሻው ገና ከመኪናው ሲወርድ ሮጦ የሺ እግር ሥር ወደቀ። እሷም ዝቅ ብላ የወደቀ ጆሮውን ቀና አደረገችለት፤ ስትለቀው ተመልሶ ወደቀ። ሰንሰለት እንግዛ ብላት "ምን ሲባል!" ብላ ተቆጣችኝ።

እዚህ ላይ ባበቃ ነገሬ ያምር ነበር። ግን የሺን አታውቋትም። ባለፈው ሳምንት ኮቴን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ያችን መለዋወጫ እንጨት አገኘች። ከነፖስታዋ ይዛ መጥታ ፊቴ ቆመች። እኔ "እሱ… ረድኤት…" ብዬ ጀመርኩ።

"ይችንስ" አለች የሺ ረጋ ብላ፣ "ሰባት ጊዜ ነው የምናጥባት?"

ክው አልኩ። ሰይድ ለካ ያኔውኑ፣ ፖስታውን ለኔ በሰጠኝ ዕለት ማታ፣ ደውሎ ነግሯታል! "እታለም፣ እንዳትጸየፊ፣ ሰባት ጊዜ አጥቤ ነው የላክሁት" ብሏታል። ያን ሁሉ ወር፣ ምንም እንደማይመጣ እያወቀች ነው የጠበቀችው። ያን ጆንያ ያነጠፈችው እያወቀች ነው። እኔ መነጽሬን አጥልቄ ስቀበጣጥር እያወቀች ነው "ድገምልኝ" ያለችኝ።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?" አልኳት። ጆሮዬ ድረስ ግሎብኛል።

"እኔ ወረቀት መች ፈለግሁ?" አለች። "ያን ቀን መንገድ ላይ 'አየኸኝ?' ስልህ ዝም አልከኝ። የሷን መልስ ነበር ስጠብቅ የኖርኩት። አሁን አልከኝ፤ በቃኝ።"

እንጨቷን ከጥርሱ ጋር ቆርቆሮዋ ውስጥ ከተተቻት። ረድኤት ብትጠይቀኝ ጠፋ እላለሁ። ሰው ዘሩን የሚቆጥረው እስከሚበቃው ድረስ ነው ብያችኋለሁ፤ ለውሻም ቢሆን ሥርዓቱ ይኸው ነው።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ጭጋጉ ከጦሳ ሲወርድ የሺ በሩ ላይ ወጥታ ቆመች። ከዚያ ጊዜ ወዲህ እዚያ ስትቆም የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ "አይዞን!" አለች። ውሻው አብሽር ሲባል ያደገ ስለሆነ ዝም ብሎ ያያታል። "አይዞን!" አለች ደግማ፣ ጠንከር አድርጋ።

ከአጥሩ ማዶ የሆነ ዕቃ መሬት ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። እማማ ተዋበች እርጅና ተጭኗቸዋል፣ ድምፃቸው ቀጥኗል።

"አሜን ልጄ" አሉ።

እኔም ከውስጥ አሜን አልኩ።